ከእሳቱ ያልወጡትስ?

የታኅሣሥ ገብርኤል በመጣ ቁጥር ደሴ ላይ የማይቀር ወሬ አለ። ታቦቱ ገብቶ፣ ጠበል ጸዲቁ ቀርቦ ሰው ሲጫወት አንዱ ይነሳና የ2014ቱን ጦርነት ያነሳል። "ከተማው ውስጥ ነበርን። ከባድ መሣሪያው በጣሪያችን ላይ ያልፋል። ገብርኤልን ጠርተን አንድ ጠጠር ሳይነካን ወጣን።" እልልታው ይቀልጣል። ደስ ይላል። ስእለቱ የሰመረለት ሰው ይናገር እንጂ ለምን ይከልከል?

ዘንድሮ ግን ወሬው እዚያ ላይ አላበቃም። "እምነት ያለውን ሰው ጥይት አያገኘውም" ተባለ። በሩ አጠገብ አንዲት እናት ተቀምጣለች። ልጇ በዚያ ኅዳር ተገድሏል። የተቆረሰላትን ድፎ ዳቦ አልቀመሰችውም። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ቀስ ብላ ወጣች። እሷም እኮ ያን ጊዜ ገብርኤልን ጠርታ ነበር።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለው ንግግር እምነትን ክታብ ማድረግ ነው። እኛ "አሜን" ስንል እሷ የሰማችው ሌላ ነው። "ልጅሽ የሞተው እምነት ጎድሎሽ ነው" የሚለውን ነው የሰማችው። ይህን ለሐዘንተኛ የሚነግር ክርስቲያን ኢዮብን "መከራው የመጣብህ በበደልህ ነው" ካሉት ወዳጆቹ በምን ይሻላል?

እስኪ ወደ በዓሉ እንመለስ። ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶኑ የወጡበት ቀን ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል በዱራ ሜዳ አቆመ። ካልሰገዳችሁ እሳት ነው አላቸው። መልሳቸው ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ አለ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጠሉና ደግሞ ባያድነንም ለምስሉ አንሰግድም አሉ።

እኔ ከምዕራፉ ሁሉ ይህችን ቃል እወዳታለሁ። ልጆቹ ይህን ሲናገሩ መልአኩ ገና አልወረደም። እንደሚወርድም የነገራቸው የለም። ከመልሳቸው በኋላ እቶኑ ሰባት እጥፍ እንዲነድ ታዘዘ። ወላፈኑ የሚጥሏቸውን ሰዎች እንኳ ፈጀ። "ካዳንከን እናመልክሃለን" ብለው አልተዋዋሉም። እኛ ግን ሥዕሉ ላይ የመልአኩን ክንፍ ስለለመድን መጨረሻውን ብቻ ይዘን እንሮጣለን።

መካከል ላይ ደግሞ የአዛርያ ጸሎት አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል። አዛርያ የጸለየው እሳቱ ውስጥ ቆሞ ነው፤ የድል መዝሙር ግን አይደለም። በድለናል ይላል። በዚህ ጊዜ አለቃ የለንም፣ ነቢይ የለንም፣ መሥዋዕት የምናቀርብበት ስፍራም የለንም ይላል። የተሰበረ ልባችንን እንደ መሥዋዕት ቁጠርልን ብሎ ይለምናል።

ይህን ጸሎት ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 የነበረውን እናውቀዋለን። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ልጁን አዝሎ በሐረጎ ቁልቁል የወረደ አለ። ከሰሜን ወሎ ተፈናቅሎ በትምህርት ቤቶቻችን ተጠልሎ የነበረው ደግሞ እንደገና ተሰደደ። እስከ ደብረ ብርሃን የሄደው ብዙ ነው። አዛውንት ጥሎ መሄድ አልሆንለት ብሎ በሩን ዘግቶ የቀረም አለ። በዚያ ሰዓት ረጅም ጸሎት የሚያደርስ አቅም ያለው ማን ነበር? "ጌታዬ አትተወኝ" ብቻ።

እግዚአብሔር መልአኩን የላከው እንዲህ ወደሚጸለይበት እሳት ነው። መልአኩ ከውጭ ሆኖ እሳቱን አላጠፋም። ገባ። አብሯቸው ሆነ። የእቶኑን መካከል እንደ ጠል ነፋስ አደረገው። ንጉሡም አራተኛውን ያየው እዚያው ውስጥ ነው።

"እነሱስ ወጡ፣ የእኔ ልጅ ግን አልወጣም" የምትል እናት ትኖራለች። እውነቷን ነው። ለእሷ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12ን ላንብብላት። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ወዲያው ጴጥሮስን አሰረው። ጴጥሮስን ግን መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱን አወለቀለት። አንድ ጌታ፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ንጉሥ። ያዕቆብ እምነት አንሶት ነው? ከጌታ ጋር ደብረ ታቦር ከወጡት ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት አንዱ እኮ ነው!

እኔ ሁልጊዜ የማስበው የያዕቆብን እናት ነው። ልጆቼ በቀኝና በግራህ ይቀመጡልኝ ብላ የለመነችውን። ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ ምእመናኑ የሚጸልዩበትን ቤት ሲያንኳኳ፣ በር ልትከፍት የመጣችው ሮዴ ከደስታ ብዛት መክፈቱን ረስታ ወደ ውስጥ ስትሮጥ፣ ያቺ እናት እዚያ ቤት ኖራ ይሆን? መጽሐፍ አይነግረንም። ኖራ ከሆነ ግን "ጴጥሮስ ስላመነ ነው የተረፈው" ያላት ሰው ያለ አይመስለኝም። ጴጥሮስም ቢሆን ያን ቀን ተረፈ እንጂ ኋላ በሰማዕትነት ነው ያለፈው። ሚያዝያ 17 ያዕቆብን፣ ሐምሌ 5 ጴጥሮስን እናከብራለን። እግዚአብሔር ለአንዱ ቀርቦ ከሌላው አልራቀም።

ዛሬም የምንፈራ ብዙ ነን። መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብለን ሳንደውል መኪና አንሳፈርም። ድንገት የሚንኳኳ በር ያስደነግጠናል። መፍራታችሁን እንደ ክህደት አትቁጠሩት። ጌታም በጌቴሴማኒ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች ብሏል። እየፈራችሁ ጸልዩ። ጸሎቱ ሲያጥርባችሁ የአዛርያን ውሰዱ፤ ተጽፎ የተቀመጠው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ምክንያት አትፈልጉ። ወሎ ላይ ለቅሶ መድረስን ማንም አያስተምረንም። ሙስሊሟ ጎረቤት ጀበናዋን ይዛ ትመጣለች፣ "አብሽሪ" ትላለች፣ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እኛ በስብከት ስም ይህን ስናጣው ያሳፍራል። አጠገቧ ተቀመጡ። የልጇን የክርስትና ስም ጠይቋትና ለካህኑ ስጡ፤ በቅዳሴው ይታሰብላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።