ክርስቶስ ያሰፋው ቤት፦ የፓንዲታ ራማባይ ሕይወት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕንዳዊቷ ፓንዲታ ራማባይ የተጠመቀችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 በእንግሊዝ አገር ነው። ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ስለ ራሷ የሰጠችው ምስክርነት እስከ ዛሬ ዕረፍት ይነሣኛል። የክርስትናን ሃይማኖት አግኝቻለሁ፤ የሃይማኖቱ ሕይወት የሆነውን ክርስቶስን ግን አላገኘሁትም ነበር አለች። ይህን የተናገረችው እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ሴት ብትሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመን። እርሷ ግን በእነዚያ ዓመታት ስለ አገሯ ሴቶች መከራ መጽሐፍ ጽፋለች፣ በአሜሪካ ከከተማ ከተማ እየዞረች ረዳቶች አሰባስባለች፣ ቦምቤይ ላይ ለወጣት መበለቶች ትምህርት ቤት ከፍታለች። መልካም ሥራ በእጇ ሞልቶ ነበር። ክርስቶስን ካወቀች በኋላ በዚያው ሥራ ላይ የሆነውን ለማየት ታሪኳን ከሥሩ መጀመር ይኖርብናል።

ራማባይ በ1858 በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ጫካማ ተራሮች ውስጥ ተወለደች። አባቷ አናንት ሻስትሪ ዶንግሬ በጥንታዊው የሂንዱ መጻሕፍት ቋንቋ በሳንስክሪት የበሰሉ፣ ብራህሚን ከሚባለው ከፍተኛ የካህናት መደብ የተወለዱ ሊቅ ነበሩ። ሴት ልጅ ቅዱሱን ቋንቋ መማር የለባትም በሚባልበት ዘመን ለሚስታቸው ለላክሽሚባይ አስተማሩ፤ ላክሽሚባይም ያወቁትን ሁሉ ለትንሿ ልጃቸው አወረሱ። ቤተሰቡ የሚኖረው ከአንዱ የጸሎት ስፍራ ወደ ሌላው በእግር እየተጓዘ፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ ጥንታዊ መጻሕፍትን እያነበበ፣ ሰሚው በሚሰጠው ስጦታ ነበር። ልጅቷ በሺህ የሚቆጠሩ ስንኞችን በቃሏ ይዛ አደገች።

ከዚያ ረኃብ መጣ። በ1870ዎቹ ደቡብ ሕንድን የመታው ድርቅ ያላቸውን አሟጠጠባቸው። መጀመሪያ ያላቸውን ሸጡ፣ ቀጥሎም የጫካ ቅጠልና ፍሬ ለቅመው በሉ። አባቷ ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ እናቷ፣ ከዚያም ታላቅ እኅቷ ተከተሉ። ራማባይና ወንድሟ ስሪኒቫስ ብቻ ቀሩ። ሁለቱ ወጣቶች በእግራቸው ሕንድን አቋርጠው በ1878 ካልካታ ደረሱ። የከተማዋ ሊቃውንት የሃያ ዓመቷን ልጅ መረመሯት፤ በእውቀቷም ተደንቀው ለሊቃውንት ብቻ የሚሰጠውን «ፓንዲታ» የሚለውን ማዕረግ ሰጧት። የተራበችው ልጅ በአንድ ጊዜ ስሟ የገነነ ተናጋሪ ሆነች።

ክብሩ ግን ከሐዘን አላዳናትም። በ1880 ወንድሟ ሞተ። በዚያው ዓመት ከእርሷ የዘር መደብ ውጪ የሆነ አንድ ቤንጋላዊ የሕግ ባለሙያ አገባች፤ ማኖራማ የተባለች ሴት ልጅም ወለዱ። ትዳሩ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ባሏን ኮሌራ ነጠቃት። በሃያ ሦስት ዓመቷ ሕፃን የታቀፈች መበለት ሆነች።

መበለት መሆን በዚያ ማኅበረሰብ ምን ማለት እንደነበር ሳንረዳ የራማባይን ሥራ አንረዳውም። በከፍተኛው መደብ ያሉ ልጃገረዶች ገና ሮጠው ሳይጠግቡ ይዳሩ ነበር። ባልየው ከሞተ፣ ሚስቲቱ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን እንኳ ብትሆን፣ ሞቱ የሚቆጠረው በእርሷ ኃጢአት ነበር። ፀጉሯ ይላጫል፣ ጌጧ ይገፈፋል፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንድትበላ ይፈረድባታል፣ ከሠርግና ከደስታ ቤት ትገለላለች። በ1856 የወጣው ሕግ መበለት ዳግመኛ እንድታገባ ቢፈቅድም ልማዱ ከሕጉ በርትቶ ቆየ። ራማባይ ይህን በመጽሐፍ አላነበበችውም፤ በዓይኗ አይታዋለች።

ወንጌል ወደ እርሷ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ አሳም ውስጥ፣ በቤታቸው የመጽሐፍ ክምችት መካከል በቤንጋሊ የታተመ የሉቃስ ወንጌል አገኘች፤ ወደዳችውም። በኋላ በ1883 ሕክምና ለመማር ወደ እንግሊዝ ሄዳ ዋንቴጅ በሚባል ከተማ የአንግሊካን ደናግል ዘንድ አረፈች። የጆሮዋ መድከም ሕክምና መማርን ከለከላት፤ እግዚአብሔር ግን ያልጠበቀችውን ትምህርት ያሳያት ጀመር። ደናግሉ ለንደን ውስጥ ፉልሃም በተባለው ሰፈር ወደሚያስተዳድሩት ቤት ላኳት። እዚያ ያገኘቻቸው ሴቶች ሰውነታቸውን ሲሸጡ የኖሩ፣ ማኅበረሰቡ የተጸየፋቸው ነበሩ። ደናግሉ ያጥቧቸዋል፣ ያበሏቸዋል፣ ሥራ ያስተምሯቸዋል፣ እንደ እኅትም ያቅፏቸዋል።

ራማባይ ደነገጠች። ያደገችባቸው የሕግ መጻሕፍት ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ቅጣት እንጂ ምሕረት አልነበራቸውም። የወደቁትን እንድታነሡ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው ብላ ብትጠይቅ፣ አንዲት እኅት የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ አራት ከፍታ አነበበችላት። ጌታ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ደክሞ ተቀምጧል። በቀትር ፀሐይ እንስራዋን ይዛ የመጣችው ሴት አምስት ባሎች የነበሯት፣ አሁን ያለውም ባሏ ያልሆነ ሳምራዊት ናት። አይሁዳዊ መምህር ሊያናግራት ቀርቶ ዕቃዋን ሊነካ አይገባውም ነበር። ጌታ ግን ውኃ አጠጪኝ አላት፤ መሲሕ መሆኑንም በግልጽ የነገራት ለእርሷ ነው። ራማባይ የሕንድን ሴቶች ከወደቁበት ሊያነሣ የሚችለው ይህ ክርስቶስ ነው ብላ ያመነችው በዚያን ጊዜ ነው። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ይህችን የሳንስክሪት ሊቅ ወደ ጥምቀት ያቀረባት የክርክር ብልጫ አልነበረም። የተናቀች ሴት ስትታጠብ አየች፤ ከዚያም ያጠበቻት እኅት ምክንያቷን ከቃሉ ስታነብላት ሰማች። ሥራው ያለ ቃሉ፣ ቃሉም ያለ ሥራው ቢሆን ኖሮ ይህ ልብ ይከፈት ነበር ብዬ አላምንም።

በ1889 ወደ አገሯ ተመልሳ ቦምቤይ ላይ «ሻራዳ ሳዳን» የተባለውን ቤት ከፈተች፤ በዓመቱ ወደ ፑኔ ከተማ አዛወረችው። ቤቱ በተለይ የታሰበው ከከፍተኛው መደብ ለሆኑ መበለቶች ነበር። እያንዳንዷ የራሷን የአምልኮና የአበሳሰል ሥርዓት እንድትጠብቅ ተፈቀደላት። ራማባይ ማንንም አታስገድድም፣ በእንጀራም አታባብልም። የአገሩ ታላላቅ የለውጥ ሰዎችም አማካሪ ሆነው ደገፏት።

እንግዲህ በመግቢያዬ ያነሣሁት ነገር የሆነው በዚህ ወቅት ነው። ወደ 1891 ገደማ ራማባይ አንድ ነገር እንደጎደላት ተረዳች። ትምህርቱን ታምናለች፣ ሥርዓቱን ትፈጽማለች፣ ለድሆች ትደክማለች፤ የኃጢአት ሸክሟ ግን አሁንም በራሷ ጫንቃ ላይ ነበር። እንደ ማንኛዋም ኃጢአተኛ ወደ መስቀሉ ቀርባ ይቅርታውን እንደ ስጦታ ተቀበለች። በጽድቃችንና በእርዳታ ሥራችን ተሸፍነን ያለን ሰዎች ይህን እንስማው። መጋቢ፣ ዲያቆን፣ የልማት ክፍል ኃላፊ፣ በየወሩ ለወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ፣ የምትሠሩት መልካም ነው፤ ጌታን ግን አግኝታችሁታል? እኔም ራሴን እጠይቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ሥራዋ እየጠበበ የሚሄድ ይመስለን ይሆናል። መጀመሪያ እንደዚያ መስሎም ነበር። ራማባይ በየጠዋቱ ከልጇ ጋር ስትጸልይ የክፍሏን በር አትዘጋም ነበርና አንዳንድ ልጃገረዶች እየገቡ አብረው መቀመጥ ጀመሩ። ወሬው ፑኔን አወከ። በ1893 አማካሪዎቿ ጥለዋት ወጡ፣ ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸውን ወሰዱ። በሩን ዝጊና ጸልዪ ብትባል እሺ አላለችም። ማንንም ወደ ክፍሏ አልጠራችም፤ ነገር ግን በቤቷ ሁሉም በነፃነት እንዲያመልክ ከፈቀደች እርሷስ ለምን ተሸሽጋ ትጸልያለች? አማካሪዎቿን እንደ ጠላት ልናያቸው አይገባም፤ ለሴቶች ትምህርት ከልባቸው የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ቢሆንም በዚህ ነገር ትክክሏ ራማባይ ናት ብዬ አምናለሁ።

በ1896 በአንድ የጸሎት ጉባኤ ላይ ሳለች በእርሷ በኩል ወደ ጌታ የመጡትን ልጆች ቆጠረች፤ አሥራ አምስት ነበሩ። አሥራ አምስቱን በአሥራ አምስት አብዛልኝ፣ 225 አድርግልኝ ብላ ለመነች። ቤቷ ይህን ያህል ሰው አይዝም፤ ገንዘብም አልነበራትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በማዕከላዊ ሕንድ ብርቱ ረኃብ እንደገባ ሰማች። የገዛ አባቷን፣ እናቷንና እኅቷን የበላው ረኃብ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። አልቻለችም፤ ተነሥታ ሄደች። በየመንገዱና በየእርዳታ መጠለያው ያገኘቻቸው ልጃገረዶች አጥንታቸው የወጣ፣ ገላቸው የቆሰለ፣ ሴት ልጅ አሳድደው ለሚነግዱ ሰዎች ሲሳይ ለመሆን የቀረቡ ነበሩ። ይዛቸው መጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ 300 ያህል ሆኑ። ፑኔ ደግሞ በወረርሽኝ ተይዛ ስለነበር ባለሥልጣናቱ ይህን ሁሉ ሰው በከተማው ውስጥ እንዳታኖር ከለከሏት። ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ኬድጋኦን በተባለ ቦታ የፍራፍሬ እርሻ ይሆነኛል ብላ የገዛችው መሬት ነበራት፤ ወደዚያ ወሰደቻቸው። መጀመሪያ ድንኳን፣ ቀጥሎ ዳስ፣ ኋላም የድንጋይ ቤት ተሠራ። ስሙን «ሙክቲ» አለችው፤ መዳን ማለት ነው።

ልዩነቱን አያችሁት? ሻራዳ ሳዳን ለከፍተኛው መደብ መበለቶች ነበር። ሙክቲ ግን የብራህሚን ልጅንና ከመደብ ሁሉ በታች ተቆጥራ ማንም የማይነካትን ልጅ ባንድ ጣሪያ ሥር አሳደረ። ዓይነ ስውራን በጣት የሚነበበውን ብሬል የተባለ ጽሕፈት ተማሩ። አረጋውያት መጠጊያ አገኙ። ፉልሃም ላይ እንዳየቻቸው ዓይነት ሴቶችም «ክሪፓ ሳዳን» የተባለ የራሳቸው ቤት ተከፈተላቸው፤ የጸጋ ቤት ማለት ነው። በ1900 ገደማ የነዋሪዎቹ ቁጥር 1500 ያህል ደርሶ ነበር። ሰዎች በክርስቶስ ስትጠመድ ለድሆች ያላት ጊዜ ይቀንሳል ብለው ፈርተው ነበር። የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በጸጋ የተቀበላት ጌታ መራጭ አልነበረምና እርሷም መምረጥ አቃታት።

ነዋሪዎቹ ተቀምጠው አልበሉም። ጨርቅ ይሸምናሉ፣ ዘይት ይጨምቃሉ፣ ላም ያልባሉ፣ አትክልት ይኮተኩታሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ፣ ማተሚያ ቤቱን ያንቀሳቅሳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። በ1905 በሙክቲ የወረደውን መነቃቃት በየስብከቱ የሚያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ በእርግጥም በመቶ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች በእንባና በንስሓ ጌታን ፈልገዋል። ስለ ሸማው፣ ስለ ዘይቱና ስለ ላሞቹ ግን እምብዛም አይነገርም። ጌታን በእንባ የጠሩትና ላም ያለቡት እነዚያው ልጃገረዶች ናቸው።

ራማባይ በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ዕብራይስጥና ግሪክ ተምራ፣ ያልተማረች የገጠር ሴት በምትረዳው የአካባቢው ቋንቋ፣ በማራቲ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎመች። በ1921 ሥራውን ትረከበኛለች ያለቻት አንድያ ልጇ ማኖራማ በአርባ ዓመቷ አረፈች። እናት ሐዘኗን ይዛ ትርጉሙን ጨረሰች፤ በሚያዝያ 1922 እርሷም ወደ ጌታዋ ሄደች። ሙክቲ እስከ ዛሬ ሴቶችንና ልጆችን ይቀበላል።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን ንጹሕ አምልኮ ይለዋል። በዚህ ሳምንት በኅብረታችሁ ዮሐንስ ምዕራፍ አራትን አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ በአጥቢያችሁ ያሉትን መበለቶች በስም ጻፏቸው፤ ወደ ጉባኤ መምጣት ያቆሙትን፣ ከዓረብ አገር ልጅ ይዘው በመመለሳቸው የሚታሙትን፣ ስማቸውን ለማንሣት የምናፍርባቸውን ጭምር። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ተነጋገሩና ቀኑን ቁረጡ።