ለእንቁላልና ለዘር ፈሳሽ ለጋሾች የሚከፈል ካሳ ምንድን ነው?

አንዲት ሴት እንቁላሏን፣ አንድ ወንድ ደግሞ የዘር ፈሳሹን ልጅ መውለድ ላቃታቸው ሰዎች ሲሰጡ በብዙ አገሮች ገንዘብ ይቀበላሉ። ገንዘቡ በክሊኒኮች ወረቀት ላይ የለጋሽ ካሳ ተብሎ ይመዘገባል። የሚታሰበውም ለጊዜ፣ ለመጓጓዣ፣ ለሕመምና ለእንግልት ነው። እንቁላሉ ወይም ዘሩ ተሸጠ አይባልም። ሆኖም ያው ገንዘብ አንዱ አገር ውስጥ በመንግሥት ተተምኖ ይከፈላል፣ ሌላው አገር ውስጥ በገበያ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ ሦስተኛው አገር ውስጥ ደግሞ እስር ቤት ያስገባል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ለጋሾች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስህተት ነው። ወንዱ ስፐርም ባንክ (የዘር ፈሳሽ ማከማቻ) ሄዶ ለብቻው ክፍል ይገባል፣ ፈሳሹን በዕቃ ሰጥቶ ይወጣል። ፈሳሹ በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀዝቅዞ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውለው ሰውየው ለኤች አይ ቪና ለሄፓታይተስ በድጋሚ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። አድካሚው ነገር መመላለሱ ብቻ ነው። የሴቷ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በወር አንድ እንቁላል ማብሰል የለመደ አካሏ ብዙ እንዲያበስል፣ ለአሥር ቀናት ያህል፣ አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ሆዷ ላይ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። በየጥቂት ቀኑ ደም ትሰጣለች፣ አልትራሳውንድ ትነሳለች። በመጨረሻም የማብሰያው መርፌ ይሰጣትና 36 ሰዓት ገደማ ሲሆን ማደንዘዣ ትወስዳለች። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እየተከተለ በብልቷ ግድግዳ በኩል ረጅም መርፌ አሳልፎ እንቁላሎቹን ይመጥጣል። አብዛኞቹ ሴቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ያገግማሉ። የአንዳንዶቹ ኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ግን ከመጠን በላይ ያብጣል፣ ሆዳቸውም ውኃ ይቋጥራል። ሲከፋ ሆስፒታል ያስተኛል፣ ደም ያረጋል፣ አልፎ አልፎም ሕይወት ያሳጣል።

ይህን የሚያውቅ ሰው ለዚህች ሴት ምንም አይከፈላት ለማለት እንዴት እንደሚደፍር አይገባኝም። ሐኪሙ ይከፈለዋል፣ ነርሷም ትከፈላለች፣ የመድኃኒት ፋብሪካውና አገናኝ ድርጅቱም ያተርፋሉ። ከሁሉም መካከል መርፌው የሚያርፍበት አካል ያላት እሷ ብቻ ለጽድቅ ትሥራ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጭንቀቱ የሚመጣው ገንዘቡ ከድካም ዋጋነት አልፎ የሰው ማንነት መተመኛ ሲሆን ነው። ለዚህ አሜሪካን የሚያህል ምሳሌ የለም። በ1999 በስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጋዜጦች ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ለእንቁላል ለጋሽ 50,000 ዶላር እንደሚከፈል ገልጾ ቁመቷ ቢያንስ 1 ሜትር ከ78 የሚሆን፣ ኤስ ኤ ቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1400 እና ከዚያ በላይ ያመጣች፣ በቤተሰቧ ከባድ በሽታ የሌለባት ወጣት ይፈልጋል። ለአጭሯና ውጤቷ መካከለኛ ለሆነችው ልጅም መርፌው ያው ነው፣ አደጋውም ያው ነው። ታዲያ ትርፍ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለቁመቷና ለአእምሮዋ ከመሆን ውጭ መልስ የለውም።

የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2000 ባወጣው መመሪያ ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ ምክንያት ይቅረብበት፣ ከ10,000 በላይ የሆነው ደግሞ ተገቢ አይደለም ብሎ ነበር። መመሪያው ግን ሕግ አልነበረም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት በ63 የተማሪ ጋዜጦች ላይ የወጡ ከመቶ በላይ ማስታወቂያዎችን መርምሮ ከአራቱ አንድ ያህሉ ከ10,000 ዶላር በላይ እንደሚያቀርቡ አገኘ። ይባስ ብሎ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አማካይ የኤስ ኤ ቲ ውጤት 100 ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር በማስታወቂያዎቹ የሚቀርበው ገንዘብ በ2,350 ዶላር ገደማ ይጨምር ነበር። በ2011 ለጋሾች ተነሥተው የክፍያው ጣሪያ በክሊኒኮች መካከል የዋጋ ስምምነት ፈጥሮ ጎድቶናል ሲሉ ማኅበሩን በፀረ ሞኖፖል ሕግ ከሰሱት። በ2016 በተደረሰው ስምምነት ቁጥሮቹ ከመመሪያው ወጡ። ከሳሾቹ እውነት አላቸው፤ ክሊኒኩ የራሱን ዋጋ ሳይገድብ የለጋሿን ብቻ የሚገድብበት ምክንያት የለም። ጣሪያው ሲነሣ ግን የማንነት ጨረታውን የሚያስቆም ነገር አልተተካም።

የገንዘቡን ምንነት በቀጥታ የፈታው አንድ የግብር ክርክር ነው። አንዲት የካሊፎርኒያ ለጋሽ በ2009 ለሁለት ዙር ልገሳ 20,000 ዶላር ተቀበለች። የሕመም ካሳ ስለሆነ ግብር የለበትም ብላ ተከራከረች። የአሜሪካ የግብር ፍርድ ቤት በ2015 ገንዘቡ በውል ለተሰጠ አገልግሎት የተከፈለ ገቢ በመሆኑ ግብር ይከፈልበታል ብሎ ፈረደ። ለእኔ ይህ ፍርድ ከብዙ የሥነ ምግባር ጽሑፎች ይልቅ ነገሩን ያጠራዋል። ሴትዮዋ ሠርታለች፣ ሠራተኛ ናት። ሠራተኛ ደግሞ የሚገባው ደመወዝ ብቻ አይደለም፣ በሥራው ለሚደርስበት ጉዳት ዋስትናም ይገባዋል። በ2021 ሕግ ያወጣችው ሕንድ ክፍያን ከልክላ ሳለ ለእንቁላል ለጋሽ የ12 ወር የጤና መድን እንዲገባላት አስገድዳለች። ክፍያውና መድኑ ለምን በአንድነት እንደማይሄዱ አይታየኝም።

ካናዳ በ2004 ሕጓ እንቁላልና የዘር ፈሳሽ መግዛትን እስከ አሥር ዓመት በሚያደርስ እስራት ትቀጣለች፣ የሚተካው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ሕጉ እንዳሰበው አልሆነም። ካናዳውያን የሚጠቀሙበት የዘር ፈሳሽ አብዛኛው ከውጭ፣ በተለይ ለጋሾች ከሚከፈሉባት ከአሜሪካ፣ ይገባል። የራስን እጅ ታጥቦ የጎረቤትን ገበያ መጠቀም ንጽሕና አይደለም።

የተሻለ መስሎ የሚታየኝ የእንግሊዝ መንገድ ነው። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለሁሉም አንድ ተመን ያወጣል። ከ2012 ጀምሮ ለእንቁላል ለጋሽ በአንድ ዙር 750 ፓውንድ፣ ለወንድ ለጋሽ በአንድ ጉብኝት 35 ፓውንድ ነበር። በጥቅምት 2024 ወደ 986 እና 45 ፓውንድ አድጓል። ሃያ እንቁላል የወጣላትም አራት የወጣላትም እኩል ታገኛለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ክፍያው በእንቁላል ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሆርሞኑን ለማብዛት የሚገፋፋ ምክንያት በሆነ ነበር። የምነቅፈው ግን አለኝ። በዚያው አገር የራሷ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሴት ከእንቁላሏ ከፊሉን ሰጥታ የሕክምና ወጪዋ የሚቀነስበት አሠራር ተፈቅዷል። ልጅ ለማግኘት የምትባክን ሴት ከዚህ ቅናሽ ጋር ስትፋጠጥ እምቢ ማለት ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ይከብዳታል።

ለብዙ አማኝ አንባቢ ጥያቄው ከክፍያው በፊት ይጀምራል፤ የሦስተኛ ሰው ዘር በትዳር መካከል ይግባ ወይ የሚል ነው። በግብፅ የሚገኘው የእስልምና ተቋም የአል አዝሃር ፈትዋ በ1980 ይህን ከልክሏል። ይህን ጥያቄ ገንዘቡ አይፈታውም፣ ገንዘቡን መከልከልም አይፈታውም። በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2019 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። ዋሽንግተን ፖስት በ2022 እንደዘገበው በትልልቆቹ የአሜሪካ ስፐርም ባንኮች ከሚገኙት ለጋሾች ጥቁሮቹ ሁለት በመቶ አይሞሉም። እነሱን የሚመስል ለጋሽ የሚፈልጉ ባልና ሚስት ወረፋው ይረዝምባቸዋል። ባንዲት ሐበሻ ተማሪ ፊት የሚቀርበው ማስታወቂያም ብርቅነቷን ጠቅሶ ከፍ ያለ ገንዘብ ሊያሳያት ይችላል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ያየች እህት ከገንዘቡ መጠን በፊት ውሉን ታንብብ። ሕክምናው መሃል ላይ ቢቋረጥ ወይም የወጣው እንቁላል ጥቂት ቢሆን ሙሉ ክፍያዋን ታገኛለች ወይ? ኦቫሪዋ አብጦ ሆስፒታል ብትተኛ ወጪውን የሚችለው ማን ነው፣ እስከ መቼስ? በቤተሰቧ ያለ በሽታ ቢጠየቅ ገንዘቡ እንዳያመልጣት ብላ ብትደብቅ፣ ያን በሽታ የሚወርሰው ምንም ያልፈረመ ልጅ ነው። ስሟ አይገለጽም የሚለውን አንቀጽም አትመነው። በእንግሊዝ የለጋሽን ስም መሰወር ከኤፕሪል 2005 ጀምሮ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ በተለገሰ ዘር የተወለዱ ልጆችም ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ 18 ዓመት እየሞላቸው የለጋሻቸውን ማንነት መጠየቅ ችለዋል። በሌላ አገር ደግሞ የለጋሿን ማንነት ለማወቅ የአንድ የአክስቷ ልጅ ምራቅ ለዘረመል ምርመራ መላኩ ይበቃል።