በእጅ ስለሚሠሩ የአርቲስት መጻሕፍት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአርቲስት መጽሐፍ ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፈ መጽሐፍ ማለት አይደለም። ከወረቀቱ እስከ ስፌቱ መጽሐፉ ራሱ የጥበብ ሥራ እንዲሆን ታስቦ የሚሠራ ነው። ብዙ ሠሪዎች ሰዎችን አሰባስበው የጋራ ሐዘንን፣ ትዝታን ወይም ጥያቄን ለመግለጽ ይጠቀሙበታል። ስለ ሙያው ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ጀማሪውን ያስፈራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ወረቀትና ድካም ያባክናሉ።

«አንድ ቅጂ ብቻ ካልሆነ የአርቲስት መጽሐፍ አይባልም»

አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው አሉ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አሜሪካዊው ኤድ ሩሼ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው የነዳጅ ማደያ ፎቶግራፎች መጽሐፍ በዚህ ዘርፍ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ መጀመሪያ በ400 ቅጂ፣ በ1969 ደግሞ በ3000 ቅጂ ታትሟል። የታሰበውም ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ እንዲዞር ነበር።

ይልቅ የቅጂው ብዛት መወሰን ያለበት ከሁሉ በፊት ነው፤ የስፌቱን ዓይነት የሚመርጠው እሱ ነውና። ባለ ሦስት ቀዳዳ ስፌት በደቂቃዎች ያልቃል። ስምንት ጥራዝ (አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው አብረው የታጠፉ ወረቀቶች) ያለው የሰንሰለት ስፌት ግን ሰዓታት ይወስዳል። ያንን በ25 ቅጂ ማባዛት ለአንድ ሰው ከባድ ነው።

«ወረቀቱ ወፍራምና ውድ ከሆነ መጽሐፉ ጥሩ ይሆናል»

ከዋጋውም ከውፍረቱም በፊት መታየት ያለበት ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ ነው። በማሽን በተሠራ ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። እርጥበት ሲያገኙ የሚያብጡት በወርዳቸው ስለሆነ፣ ወረቀቱ የሚሰፋው ቃጫውን አቋርጦ ነው። ስለዚህ የገጾቹም፣ የካርቶኑም፣ የሽፋኑም ቃጫ ከመጽሐፉ ጀርባ (ገጾቹ ከሚሰፉበት ጎን) ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ካልሆነ ገጾቹ ጀርባው አጠገብ ይሸበሸባሉ፣ ሽፋኑ ይጣመማል፣ የተከፈተው መጽሐፍም አልተኛ ብሎ ራሱን ይዘጋል።

አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳያጥፉ በቁመቱም በወርዱም ቀስ አድርገው ያጉብጡት። ያለ ትግል በጎበጠበት በኩል፣ የጉብጠቱ መስመር የቃጫው አቅጣጫ ነው። ካጠራጠረ 5 ሳ.ሜ. በ5 ሳ.ሜ. ቁራጭ ወስደው በእርሳስ የወረቀቱን ቁመት የሚያሳይ ቀስት ያድርጉበትና አንድ ገጹን በእርጥብ ስፖንጅ ይንኩት። ወዲያው እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፤ የቱቦው ርዝመት የሚያመለክተው ቃጫውን ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ የተለመደው የኤ4 ወረቀት ቃጫው አብዛኛውን ጊዜ በረጅሙ ጎን ይሄዳል። ለሁለት ታጥፎ ኤ5 መጽሐፍ ሲሆን ቃጫው ጀርባውን ያቋርጣል። መፍትሔው ቃጫው በረጅም ጎኑ የሄደ የኤ3 ወረቀት ገዝቶ ለሁለት መቁረጥ ነው፤ የሚገኘው ኤ4 ቃጫው በአጭሩ ጎን ይሆንና ሲታጠፍ ከጀርባው ጋር ይስማማል።

ውፍረትን በተመለከተ፣ ለሚሰፉ ገጾች በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ግራም ይበቃል። ወፍራም ወረቀት አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ የውስጦቹ ገጾች ከውጪዎቹ አልፈው ይወጣሉ፤ ጽሑፉ ጠርዝ አካባቢ ካለ ሲስተካከል ይቆረጣል። በአንድ ጥራዝ ከአራት ወረቀት ባይበልጥ ይመረጣል።

«ሙጫ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል»

ሙጫ ሲበዛ የሚጨምረው እርጥበቱ ነው፤ ወረቀቱን የሚያሸበሽበውም እሱ ነው። ነጩ የእንጨት ሙጫ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም አይሰበርም፤ ነገር ግን አንዴ ከያዘ ማስተካከያ የለውም። የስንዴ ስታርች ሙጫ ዝግ ብሎ ስለሚይዝ ወረቀቱን ለማንሸራተት ጊዜ ይሰጣል፣ በኋላም በውሃ ሊላቀቅ ይችላል። አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው፣ በዝግታ እሳት ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ብርሃን ማሳለፍ እስኪጀምር ያብስሉት፤ ሲቀዘቅዝ በወንፊት ያጥሉት። ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፣ ይኮመጥጣል።

በ2 ሚ.ሜ. ካርቶን ሽፋን ሲሠራ በካርቶኑና በጀርባው ቁራጭ መካከል 7 ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ካነሰ ሽፋኑ አይከፈትም። የሽፋኑ ወረቀት ማዕዘኖች በ45 ዲግሪ ሲቆረጡ ከካርቶኑ ጫፍ 3 ሚ.ሜ. ይራቃል፤ በጣም ከተጠጋ የካርቶኑ ጫፍ ራቁቱን ይቀራል። አንድ ፊቱ ብቻ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ሲደርቅ ወደ ወረቀቱ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በሌላው ፊቱም መለጠፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በሰም ወረቀት ለይቶ ከክብደት በታች ማሳደር ነው። ሌሊቱን አለመታገስ የብዙ ጥሩ ሽፋን ጥፋት ነው።

«መስፋት የባለሙያ ሥራ ነው»

የሰንሰለት ስፌት፣ ጥንታዊ የግብፅና የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የተሰፉበት ዓይነት፣ ልምምድ ይፈልጋል። ባለ ሦስት ቀዳዳውን ግን መርፌ የያዘ ሁሉ በአንድ ቁጭታ ይማረዋል።

አራት ወረቀት በአንድ ላይ ይታጠፋል፤ 16 ገጽ ይሆናል። በእጥፉ ላይ አንዱን ቀዳዳ መሐል፣ ሁለቱን ከላይና ከታች ጫፍ 1.5 ሳ.ሜ. ገባ አድርገው ከውስጥ ወደ ውጭ በወስፌ ይብሱ። ክሩ በሰም የታሸ የተልባ እግር ክር ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱ የመጽሐፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል። በመሐሉ ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይውጡ፣ 5 ሳ.ሜ. ጭራ ውስጥ ይተዉ። በላዩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ መሐሉን ዘልለው በታችኛው ይውጡ፣ በመሐሉ ተመልሰው ይግቡ። ሁለቱ ጭራዎች በረጅሙ ክር ግራና ቀኝ መሆናቸውን አይተው በላዩ ላይ ሁለቴ ይቋጥሩ። በአንድ ወገን ከሆኑ ቋጠሮው ረጅሙን ክር አይዘውም፣ ስፌቱም ይላላል።

ክሩን ሲያጠብቁ ከእጥፉ ጋር ትይዩ አድርገው ይሳቡ። ወደ ላይ መንጨቅ ቀዳዳውን ይቀደዋል፤ በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው።

«ርዕሱ ማኅበራዊ ከሆነ ሥራው ማኅበራዊ ተሳትፎ ነው»

በዚህ አንስማማም። አንድ ሰው ብቻውን ስለ ድህነት ግሩም መጽሐፍ ሊሠራ ይችላል፤ ተሳትፎ ግን አይደለም። ተሳትፎ የሚታየው ማን እንደወሰነ፣ ማን እንደሠራ፣ ቅጂውስ ማን ጋር እንደቀረ ሲጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በቦነስ አይረስ የተጀመረውን ኤሎይሳ ካርቶኔራን እንይ። ከኢኮኖሚው ቀውስ በኋላ ከጎዳና ካርቶን እየለቀሙ ከሚኖሩ ሰዎች ካርቶኑን ከተለመደው ዋጋ በተሻለ ገዙ፤ ሽፋን አድርገው ቆረጡት፤ እያንዳንዱን በእጅ ቀለም ቀቡት። ማኅበራዊው ነገር ጥሬ ዕቃው ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ የሚይዘው ግጥም ስለ ፍቅር ቢሆንም እንኳ።

ሌላው የባግዳዱ አል-ሙተነቢ ጎዳና ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2007 በዚህ የመጻሕፍት ገበያ በፈነዳ ቦምብ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ100 በላይ ቆሰሉ። የሳን ፍራንሲስኮው ገጣሚና መጽሐፍ ሻጭ ቦ ቦሶሌይ ባቀረበው ጥሪ በመጀመሪያ 130 በእጅ ማተሚያ የታተሙ ባለ አንድ ገጽ ሥራዎች፣ ቀጥሎም ከብዙ አገሮች የተላኩ የአርቲስት መጻሕፍት ተሰባሰቡ።

ከሰዎች ታሪክ ለመሰብሰብ ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት በጽሑፍ ሊያስቀምጣቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ስም ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ፣ እስከ መቼ ገጽን መልሶ መውሰድ ይቻላል፣ ቢሸጥ ገቢው የማን ነው። ለእያንዳንዱ ተሳታፊም አንድ ቅጂ ይደርሰዋል። 20 ተሳታፊ ካለ 20 ቅጂ አይበቃም፤ ሁለት ለንባብ፣ አንድ ለመዝገብ፣ ሦስት ያህል ለብልሽት ጨምሮ 26 ማዘጋጀት ነው። በመጨረሻ ቅጂ አጥሮ አንድ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ የሥራው ትርጉም ተበላሸ።

«ብዙ እጅ ሲገባበት ጥራቱ ይወርዳል»

የሚወርደው ዝግጅት ሲጎድል ነው። ወረቀቱን አስቀድሞ በእኩል መጠን መቁረጥ፣ በእርሳስ ከጀርባው በኩል 2 ሳ.ሜ. ከሌሎቹ ጎኖች 1 ሳ.ሜ. ህዳግ ማስመር ብዙ ችግር ያስቀራል። በከሰል የተሣለ ሥዕል የሚረጭ ማጽኛ ካልተደረገለት ተቃራኒውን ገጽ ያጠቁራል፤ አክሪሊክ ቀለም ደግሞ ደርቆም ቢሆን ገጽ ለገጽ ሲጫን ይጣበቃል። የውሃ ቀለም በ80 ግራም ወረቀት ላይ አይሞከርም።

እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ መጽሐፍ ለጋራ ሥራ ምቹ ነው፤ ሁሉም የራሱን እጥፍ ይሠራል፣ ኋላ ይገጣጠማል። ነገር ግን በእያንዳንዱ እጥፍ 1 ሚ.ሜ. ስህተት በ10 እጥፍ 1 ሳ.ሜ. ይሆናል። አንድ ረጅም ወረቀት ከማጠፍ፣ ለየሰው አንድ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ሰጥቶ በ1 ሳ.ሜ. መለጠፊያ ማያያዝ ይሻላል።

ጊዜ ካነሰ አንድ ኤ4 ለስምንት ታጥፎ፣ መሐሉ ተሰንጥቆ የሚሠራው ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ አለ፤ ሙጫም መርፌም አይፈልግም። ወረቀቱ ሲዘረጋ የአንዱ ረድፍ አራት ገጾች የተገለበጡ ናቸውና መጀመሪያ አጥፈው፣ የገጽ ቁጥር በእርሳስ ጽፈው፣ ከዚያ ዘርግተው ይሥሩ።

«እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚነካው በነጭ ጓንት ነው»

የጥጥ ጓንት ጣት የወረቀቱን ጫፍ እንዳይሰማው ያደርጋል፤ ገጽም የሚቀደደው በዚህ ነው። ለወረቀት ንጹሕና ደረቅ እጅ ይሻላል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶግራፍ ገጾችና ለብረት ክፍሎች ነው። በኤግዚቢሽን ላይ መጽሐፉን በመስታወት ውስጥ ቆልፎ ሁለት ገጽ ብቻ ከማሳየት፣ አንዱን የንባብ ቅጂ ጠረጴዛ ላይ ማኖርና ሲያረጅ መተካት ይመረጣል፤ ሁለቱ ትርፍ ቅጂዎች የተሠሩት ለዚህ ነው።