የማሳ ላይ ሙከራ በሰሜን ሸዋ

የማሳ ላይ ሙከራ አዲስ ዘር፣ ማዳበሪያ ወይም የአስተራረስ ዘዴ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ፣ በአርሶ አደሩ ማሳ፣ በራሱ በሬና ጉልበት፣ ከነባሩ ልማድ ጎን ለጎን የሚፈተንበት አሠራር ነው። በሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ይሠራበታል፤ በባሶና ወራና ወረዳም አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው ፕሮጀክት በጎሼ ባዶና በጉዶ በረት ሞክሮታል።

የሙከራውን ውጤት መለካት አስቸጋሪ ለመሆኑ የሞረትና ጅሩ ወረዳዋን እነዋሪን የሚያህል ምሳሌ የለም። የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ሌላው አገር ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፤ የእነዋሪ ገበሬ ግን ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ አፈሩን ከቦይ እየዛቁ መደብ ያበጃሉ፣ ስንዴውም በክረምቱ ይዘራል። በ1970ዎቹ ማብቂያ የመጣው ቢቢኤም የተባለ ሰፊ መደብ ማበጃ፣ ሁለት ማረሻ ተጣምሮ የተሠራው፣ ይህንኑ ሥራ ለበሬ ሰጠው። ታዲያ በምን ይመዘን? ማነጻጸሪያው ያልተንጣፈፈ ማሳ ከሆነ ልዩነቱ በኩንታል ይታያል። በእጅ የተበጀ መደብ ከሆነ ግን ኩንታሉን ትቶ በበሬው የተረፈውን የሰው የሥራ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

አዝመራው ሲደርስ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክፈፍ ማሳው ላይ ይጣልና በውስጡ ያለው ታጭዶ ይወቃል፣ ይመዘናል። 400 ግራም ስንዴ ከወጣ በሄክታር 40 ኩንታል ማለት ነው። የ25 ግራም ስህተት 2.5 ኩንታል ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ ክፈፉ ዓይን ደስ ባለው ቦታ ሳይሆን በዕጣ መውደቅ አለበት፣ ከአንድ በላይ ቦታም ይታጨዳል። እርጥብ እህልም ያታልላል፤ የስንዴው ክብደት ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት ተሰልቶ ይመዘገባል።

መሬቱንም መለካት ግድ ነው። ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ይባላል እንጂ በሬና አፈር በተለየ ቁጥር ይሰፋል፣ ይጠባል። ለማዳበሪያ ሙከራ ደግሞ ማዳበሪያ ያልተደረገበት ቁራጭ መሬት መተው አለበት፤ ከ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጂኑ 46 ኪሎ ነው፣ የተጨመረው ምርት ለዚህ ሲካፈል የእያንዳንዱ ኪሎ ፋይዳ ይገኛል። ማሳውን የሰጠ ገበሬ ያንን ቁራጭ አይቶ ሲያዝን ማየት የተለመደ ነው፣ አንዳንዱማ ማታ እፍኝ በትኖበት ያድራል።

ደቦም በሂሳብ ይገባል፤ ጠላውና እንጀራው ወጪ ነውና። ገለባውም እንዲሁ፦ አጭር ዘር በፍሬ በልጦ በገለባ ካነሰ፣ በሬ ያለው ገበሬ ሚዛኑን አይቶ አሮጌውን ዘር ይመርጣል።