ልጄን ለምን የእንግሊዝኛ ድጋፍ ውስጥ አስገቡት?
አሜሪካ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ይጠየቃል። «አማርኛ» ካላችሁ ልጁ እንግሊዝኛ ይፈተናል፤ ካላለፈ ድጋፍ ይመደብለታል። ብዙ ወላጅ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ግን የመማር ችግር ላለባቸው ልጆች የሚሰጠው ልዩ ትምህርት አይደለም፣ ከክፍል ዝቅ ማለትም አይደለም፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ1974ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣ የዲስትሪክቱ (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) ግዴታ ነው። አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ፤ ሆኖም ልጁ እስኪያልፍ ድረስ በየዓመቱ መፈተኑ አይቀርም። እኔ የምለው፣ እምቢ ከማለታችሁ በፊት ድጋፉ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነና ልጁ ለዚያ ሲባል ከየትኛው ትምህርት እንደሚወጣ በደንብ ጠይቁ። ከትምህርት ቤቱ ጋር ለምታደርጉት ስብሰባ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ የዲስትሪክቱ ሥራ ነው፤ እባካችሁ ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት።