ስትራቴጂያዊ የቦምብ ድብደባ ምንድን ነው? ኩሽኔታ ፍለጋ የተነሡት አውሮፕላኖች

ኩሽኔታ ታውቃላችሁ። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ ለቅሞ፣ እንጨት ላይ ገጥሞ፣ ቁልቁለቱን አስፋልት እያንኳኳ የወረደ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። በመካከላቸው ትንንሽ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። ኳሶቹ ሲሽከረከሩ ብረት ከብረት አይፋተግም፣ አይግልም፣ አይበላም። የመኪናው ጎማ፣ የወፍጮው ሞተር፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉ የሚዞሩት በእሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1943፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 11 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ 376 የአሜሪካ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ለአንድ ቀን ዘመቻ ተመደቡ። መነሻቸው እንግሊዝ፣ ኢላማቸው ጀርመን ውስጥ ነበር። በእያንዳንዱ አውሮፕላን 10 ሰው ይሳፈራል። ከእነሱ 230ዎቹ የተላኩት ይህንኑ ኩሽኔታ ፍለጋ ነው። ሽዋይንፉርት የምትባል አንዲት የጀርመን ከተማ የአገሪቱን ግማሽ የሚጠጋ ኩሽኔታ ታመርት ነበር።

ስትራቴጂያዊ የቦምብ ድብደባ ማለት ምን እንደሆነ በዚህች ከተማ በኩል ማየት እወዳለሁ። ሐሳቡ የቱ ጋ እንደሚያምር፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር፣ ምን ያህል ሰው እንደሚበላ ሁሉም እዚያ አለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ልዩነቱን እንያዝ። አውሮፕላን ግንባር ላይ ያለውን እግረኛ ጦር ሊያግዝ ይችላል። ምሽግ ይመታል፣ ታንክ ያቃጥላል፣ ድልድይ ይሰብራል። ይህ ታክቲካዊ ይባላል። ስትራቴጂያዊው ግን ግንባሩን አልፎ ይሄዳል። ታንኩ ሜዳ ላይ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የሚሠራበትን ፋብሪካ፣ የሚጠጣውን ነዳጅ፣ የሚጫንበትን ባቡር ይመታል። ዓላማው ጠላት መዋጋት ቢፈልግ እንኳ የሚዋጋበት እንዳይኖረው ማድረግ ነው።

ለዚህ ትልቅ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ሩቅ የሚሄድ፣ ብዙ ቶን የሚሸከም፣ ባለ አራት ሞተር። እንግሊዞች ላንካስተር ነበራቸው። አሜሪካኖች ደግሞ ቢ-17 እና ቢ-24። ቢ-17ን “በራሪ ምሽግ” ይሉት ነበር፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መትረየስ የተጠመደበት ነውና።

ሐሳቡ ከጦርነቱ ይቀድማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጁሊዮ ዱዌ የተባለ የጣሊያን ጄኔራል፣ የወደፊት ጦርነት በሰማይ ይወሰናል፣ ከተሞችና ፋብሪካዎች በቦምብ ሲመቱ ሕዝቡ ራሱ ሰላም ይለምናል ብሎ ሰብኳል። የእሱን አገር አውሮፕላኖች እኛም አይተናቸዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ከተማዋ ውስጥ የሚመታ የታንክ ፋብሪካ አልነበረም። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ግን ነበር፤ ቦምቡም አልማረውም። ስለ አየር ድብደባ ሳነብ ይህ ከአእምሮዬ አይወጣም። “የኢንዱስትሪ ኢላማ” የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ከሰማይ የሚወድቀው ነገር ግን ወረቀቱን አያነብም።

ወደ ጀርመን እንመለስ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች በአደባደቡ አልተስማሙም። እንግሊዞች በቀን ሞክረው ብዙ አውሮፕላን ስላለቀባቸው ወደ ሌሊት ዞሩ። በጨለማ ግን ፋብሪካ አይታይም። በ1941 የተደረገ አንድ የፎቶግራፍ ምርመራ፣ ኢላማውን መታሁ ካሉት አውሮፕላኖች ከሦስቱ አንዱ ብቻ በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንደደረሰ አሳየ። ከዚያ በኋላ የሌሊቱ ዘመቻ በግልጽ ከተማን ወደ መምታት ሄደ። በጁላይ 1943 ሀምቡርግ በእሳት ስትጋይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

አሜሪካኖች ደግሞ “እኛ በቀን፣ እያየን፣ ፋብሪካውን ለይተን እንመታለን” አሉ። ኖርደን የሚባል የቦምብ ማነጣጠሪያ መሣሪያ ነበራቸው፤ በጣም ይኮሩበት ነበር። መሣሪያው ከመሬት ላይ ነጥብ ለይቶ ይይዛል፤ ፍጥነቱንና ነፋሱን ያሰላል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አውሮፕላኑን ራሱ ይመራል።

ከዚያ የማነቆ ፍለጋ ተጀመረ። ዕቅድ አውጪዎቹ መሐንዲሶችና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይዘው ተቀመጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የጀርመንን ኢንዱስትሪ በሙሉ መምታት አይቻልም፣ ታዲያ የቱ ቢቆረጥ ሌላው ሁሉ ይቆማል? ኩሽኔታ ግሩም መልስ መሰለ። ለአውሮፕላን ያስፈልጋል፣ ለታንክ ያስፈልጋል፣ ለመድፍ ያስፈልጋል። በጥቂት ፋብሪካ የሚመረት ነው። ፋብሪካዎቹም አንድ ከተማ ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። እኔም ብሆን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ብቀመጥ ጣቴን ሽዋይንፉርት ላይ የማሳርፍ ይመስለኛል።

ዕቅዱ ብልጠት ነበረው። አውሮፕላኖቹ ለሁለት ይከፈላሉ። 146ቱ በኮሎኔል ከርቲስ ለሜይ መሪነት ሬገንስቡርግ ያለውን የሜሰርሽሚት ተዋጊ አውሮፕላን ፋብሪካ ይመታሉ። ወደ እንግሊዝም አይመለሱም፤ የአልፕስ ተራሮችን ተሻግረው ሰሜን አፍሪካ ያርፋሉ። 230ዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ዘግይተው ተከትለው ይገቡና ወደ ሽዋይንፉርት ይታጠፋሉ። የጀርመን ተዋጊዎች ከመጀመሪያው ቡድን ጋር ተዋግተው ነዳጅና ጥይት ጨርሰው መሬት ላይ ሳሉ ሁለተኛው ያልፋል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ጠዋት እንግሊዝ በጭጋግ ተሸፈነች።

የለሜይ ሰዎች በጭጋግ መነሣት ተለማምደው ስለነበር ትንሽ ዘግይተው ወጡ። ከዚህ በላይ ከቆዩ አፍሪካ የሚደርሱት ጨለማ ላይ ነውና መጠበቅ አልቻሉም። ሁለተኛው ቡድን ግን መሬት ላይ ቀረ። ደቂቃዎች የተባለው ሰዓታት ሆነ። በዚህ መሃል የጀርመን አብራሪዎች የለሜይን ቡድን ወግተው፣ አርፈው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ ጥይት ጭነው እንደገና ተዘጋጁ። ፒ-47 ተንደርቦልት የሚባሉት አጃቢ ተዋጊ አውሮፕላኖችም ነዳጃቸው ከቤልጂየም ድንበር አካባቢ አያሳልፍም። እዚያ ሲደርሱ ክንፋቸውን አዘንብለው ተመለሱ። ቦምብ ጣዮቹ ብቻቸውን ቀሩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን ሰው አስቡት። ከፍታው ከ5 ሺህ እስከ 7 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ቢ-17 እንደዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን የውስጡ የአየር ግፊት የተስተካከለ አይደለም፤ ኦክስጅን በጭምብል ይሳባል። ቧንቧው በበረዶ ቢደፈን ወይም በጥይት ቢቆረጥ ሰውየው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። በጎን መስኮቶቹ የሚቆሙት ሁለት ተኳሾች ነፋሱ በቀጥታ ያገኛቸዋል። በዚያ ከፍታ ብርዱ ከዜሮ በታች ብዙ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ለብሰዋል። የተቀረቀረ መትረየስ ለማስለቀቅ ጓንቱን ያወለቀ ሰው ቆዳው ብረቱ ላይ ይቀራል። ከሆዱ ሥር በተንጠለጠለች ክብ ጎጆ ውስጥ ደግሞ አንድ ልጅ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ በእግሮቹ መካከል መሬቱን እያየ ለሰዓታት ይቀመጣል። አዎ፣ ልጅ ነው። አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

ከሁሉ የከፋችው የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። ቦምቡ ኢላማውን እንዲያገኝ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መብረር አለበት። ወደ ግራ ማለት የለም፣ ወደ ቀኝ ማለት የለም፣ ከፍ ዝቅ የለም። ከታች የፀረ አውሮፕላን መድፉ ሰማዩን በጥቁር ጢስ ይሞላዋል። አንተ ደግሞ በቀጥታ ትገባበታለህ። ከጥይት መሸሽ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ እነዚህ ልጆች ያንን ተፈጥሮ ማፈን ነበረባቸው።

በዚያን ቀን 60 ቦምብ ጣዮች ጠፉ። 36ቱ ከሽዋይንፉርቱ፣ 24ቱ ከሬገንስቡርጉ። ከስድስት አውሮፕላን አንድ ገደማ ማለት ነው። አንድ አብራሪ ወደ አገሩ ለመመለስ በወቅቱ 25 ጊዜ መብረር ነበረበት። ሂሳቡን ለእናንተ ልተው። ከ550 በላይ ሰው ወደ አልጋው ሳይመለስ ቀረ። ታች ደግሞ ከጀርመን በኩል በመቶዎች የሚቆጠር ሲቪል ሞተ።

ፋብሪካውስ? ጉዳት ደርሷል። የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር አልበርት ሽፔር እንዳሰላው የሽዋይንፉርት ምርት በአንዴ 38 በመቶ ወረደ። ሽፔር ደነገጠ። ነገር ግን አሜሪካኖቹ በማግስቱ አልተመለሱም፤ የሚመለሱበት አውሮፕላንና ሰው አልነበራቸውም። የመጡት ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 14 ነው። 291 ተነሡ። አሁንም 60 ጠፉ። ቀኑ ሐሙስ ነበርና “ጥቁር ሐሙስ” ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለ አጃቢ ወደ ጀርመን ውስጥ ጠልቆ መግባት ቆመ።

የማነቆው ሐሳብ የተሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ስንል ጣሪያና ግድግዳ ይታየናል። ጣሪያው ወረደ፣ ግድግዳውም ፈረሰ፤ ፍርስራሹ ሲነሣ ግን ብዙው ማሽን ከሥሩ ተገኘ። ተጠረገ፣ ተጠገነ፣ እንደገና ዞረ። ጀርመኖች ማሽኖቹን በየትንንሹ ከተማ በተኑ። መጋዘን ያለውን ክምችት አወጡ። ከገለልተኛዋ ስዊድን ገዙ። መሐንዲሶቻቸው ኩሽኔታ ሳይኖር የሚሠራበትን መላ ፈጠሩ። እንግሊዞችም ሊያግዙ አልመጡም። የሌሊቱ ዘመቻ አዛዥ አርተር ሃሪስ፣ በአንድ ምት ጦርነት የሚጨርስ ኢላማ አለ የሚሉትን አያምናቸውም ነበር። የእሱ አውሮፕላኖች ሽዋይንፉርት የደረሱት በፌብሩዋሪ 1944 ነው፤ ያን ጊዜ ማሽኑን መበተን ከተጀመረ ቆይቷል። ሽፔር ከጦርነቱ በኋላ ሲናገር፣ ድብደባው ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ የጦር መሣሪያ ምርታችን በወራት ውስጥ ይቆም ነበር ብሏል።

ስለዚህ ሐሳቡ ውሸት ነበር? አይመስለኝም። በ1944 መጀመሪያ ፒ-51 ሙስታንግ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ አንጠልጥሎ እስከ በርሊን ድረስ ማጀብ ቻለ። የጀርመን ተዋጊዎች በአየር ላይ ማለቅ ጀመሩ። ከሜይ 12 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ማነቆ ተያዘ፤ ነዳጅ። ጀርመን ከድንጋይ ከሰል ቤንዚን ታወጣ ነበር። እነዚህ ፋብሪካዎች ግዙፍ ናቸው፤ ቧንቧቸውን ነቅሎ ሌላ ከተማ መደበቅ አይቻልም። ነዳጅ ደግሞ በሌላ ነገር አይተካም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሎይና ታሪክ ነው። ሎይና ከትልልቆቹ የነዳጅ ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። ሲመታ ይጠግኑታል። ሊያመርት ሲል ይመታል። እንደገና ይጠግኑታል። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ 22 ጊዜ ተደብድቧል። ከ18 ሺህ ቶን በላይ ቦምብ ወድቆበታል። በዚያ ጊዜ ሁሉ በአማካይ ማምረት የቻለው ከአቅሙ 9 በመቶ ብቻ ነው። ጀርመን ከእነዚህ ፋብሪካዎች የምታገኘው የአውሮፕላን ቤንዚን በኤፕሪል 1944 ወደ 175 ሺህ ቶን ነበር። በሴፕቴምበር 5 ሺህ ቶን ሆነ። አውሮፕላን ነበራቸው፤ እንዲያውም በዚያ ዓመት ከቀድሞው የበለጠ ሠርተዋል። የሚሞሉት ግን አጡ። አዲስ አብራሪ የሚያሠለጥኑበት ቤንዚን እንኳ አልነበረም።

ሽዋይንፉርት ላይ የጎደለው ይህ ነው፤ መመላለስ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። “ለይተን እንመታለን” የተባለው የቀን ድብደባ ራሱ ሲለካ፣ ከቦምቦቹ 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ከኢላማው በ300 ሜትር ክልል ውስጥ እንደወደቁ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከጦርነቱ በኋላ አረጋግጠዋል። የቀረው የሰው ጎጆ ላይ፣ እርሻ ላይ፣ ሠራተኛ ሰፈር ላይ ወድቋል። በፋብሪካዎቹ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ሁሉም ጀርመኖች አልነበሩም። ከተያዙ አገሮች በግዴታ የመጡ፣ መጠለያ ውስጥ መግባት የማይፈቀድላቸው ብዙዎች ነበሩ። በጠቅላላው የአየር ድብደባ ቢያንስ 300 ሺህ የጀርመን ሲቪል ሞቷል። ከአጥቂዎቹም የአሜሪካ ስምንተኛው አየር ኃይል ብቻውን ከ26 ሺህ በላይ፣ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዕዝ ደግሞ 55,573 ሰው አጥቷል።

ሽዋይንፉርት ዛሬም ኩሽኔታ ታመርታለች። ያን ቀን ከተመቱት ፋብሪካዎች የአንዱ ምልክት “ኤፍ.ኤ.ጂ.” ነው፤ አሁንም ዓለም ሁሉ ይሸጣል። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናችሁ ሲጮኽ መካኒኩ “ኩሽኔታው ተበልቷል” ሲላችሁ፣ አዲሱን ከካርቶኑ ሲያወጣ ጠርዙን እዩት። በቀለበቱ ብረት ላይ በትንንሽ ፊደል ተቀርጾ ታገኙት ይሆናል።