የስሜት ደኅንነትና የማኅበራዊ ክህሎት ትምህርት በጎንደር

ፈተና ሲወድቁ፣ ጓደኛ ሲሰድብ፣ አባት ከቤት ሲርቅ የሚሰማን ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ፣ ንዴትን መግታት፣ ተጣልቶ መታረቅ፣ ሲጨንቅ ሰው መጥራት፦ እነዚህ እንደ ፊደልና እንደ ሒሳብ በልምምድ የሚያድጉ ችሎታዎች ናቸው። የስሜት ደኅንነትና የማኅበራዊ ክህሎት ትምህርት የሚባለው ይህን ልምምድ ከክፍል ሕይወት ጋር አዋሕዶ የሚያስኬድ አሠራር ነው። ከግብረ ገብ ይዛመዳል፤ አንድ አይደለም። ግብረ ገብ "መማታት ነውር ነው" ይላል። ይህኛው ደግሞ እጁ ሊሰነዘር የደረሰ ልጅ በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ እንደሚችል ያለማምደዋል።

በዘመናዊ መልኩ ሥሩ በአሜሪካ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ጄምስ ኮመር እ.ኤ.አ. በ1968 በኒው ሄቨን ከተማ በሁለት የድሆች ሰፈር ትምህርት ቤቶች ወላጆችን፣ መምህራንንና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አቀናጅተው ሥራ ጀመሩ። ስያሜው የጸናው ካዝል (CASEL) የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በተቋቋመበት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ ድርጅቱ ክህሎቶቹን በአምስት ይመድባቸዋል፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ሁኔታ መረዳት፣ ግንኙነትን ማበጀትና በኃላፊነት መወሰን። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የ213 ፕሮግራሞችና የ270 ሺህ ያህል ተማሪዎች ጥናት፣ ትምህርቱን ያገኙት ልጆች በትምህርት ውጤታቸው ጭምር ከመቶ ተማሪዎች መካከል በ11 ደረጃ ያህል ከፍ እንዳሉ አሳይቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን የተሠሩት በአሜሪካ ነው። ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነው ለሚቀመጡበት፣ በፈረቃ ለሚማሩበት ክፍል ያንኑ መምሪያ ተርጉሞ ማደል በቂ አይሆንም።

ጎንደር ለዚህ ሥራ ባዶ እጇን አይደለችም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከመሠረቷት ጊዜ አንሥቶ የትምህርት ከተማ ናት፤ በተለይ በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ወረብ ትምህርት። በአታ ለማርያም የአቋቋም ማስመስከሪያ፣ ማለትም ተማሪው ተፈትኖ መምህርነቱ የሚመሰከርለት ቦታ፣ ሆና ትታወቃለች። አቋቋም የሚማር ሰው ዜማውን ብቻ አይደለም የሚማረው። ፊት ለፊት በተሰለፉት መካከል ቆሞ መቋሚያውን ከሌሎቹ ጋር ያነሣል፣ ጸናጽሉን ከከበሮው ጋር ያስማማል፤ አንዱ ቢቸኩል የሁሉም ይፈርሳል። ጆሮው ሁልጊዜ አጠገቡ ወዳለው ሰው ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው ቀን ለብቻው ርቆ ቅኔውን ሲቆጥር (ሲደርስ) ውሎ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲታረም ይሰማል፤ በማግስቱ እንደገና ይሞክራል። ስሕተትን በሰው ፊት መሸከም እንዲህ ይለመዳል። በአዲስ ዓለም ሰፈር ቁርኣን ቤቶችም ትልቁ ልጅ ትንሹን እያስቀራ አብረው ያድጋሉ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት አለንጋም ነበረበት፤ ያንን ልንወርስ አይገባም።

ሜዳውም ያስተምራል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው አባባል ከማንኛውም መመሪያ አጥሮ የተቀመጠ ስሜትን የመግዛት ደንብ ነው፦ ሩሩን (ኳሱን) ስትቀማ፣ እግርህ ሲመታ፣ ጨዋታ መሆኑን አስታውስ። በእረፍት ሰዓት ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል መስመር የረገጠች ልጅ "አልረገጥኩም" ብላ ስትከራከር፣ ብዩን የተበላው ልጅ ሲያኮርፍ፣ መምህሩ በቦታው ቢኖር የሳምንቱ ምርጥ ትምህርት እዚያው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መነሻ መሆን ያለበት ቋንቋችን ይመስለኛል። ከውጭ የመጡ መምሪያዎች ብዙውን ጊዜ በደስታ፣ በሐዘን፣ በንዴትና በፍርሃት ሥዕሎች ይጀምራሉ። አማርኛ የሚናገር ልጅ ከዚያ የጠለቀ ይዞ ነው የሚመጣው። "ከፋኝ" እና "ሆድ ባሰኝ" አንድ አይደሉም፤ የከፋው ልጅ ዛሬ የሆነ ነገር አስቀይሞታል፣ ሆድ የባሰው ግን የቆየ ቁስሉ ተነክቷል። ያኮረፈ ልጅ እንዲለምኑት ይጠብቃል፤ ቂም የያዘ ቢለምኑትም አይሰማም። እልህ ደግሞ ያስጠናል፣ ያጣላልም። "ዛሬ ምን ሆንክ?" ብሎ ጠይቆ ከእነዚህ ቃላት አንዱን እስኪያገኝ የሚታገሠው መምህር የትምህርቱን ግማሽ ሠርቷል። እንቅፋቱ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለው ልማድና ዝም ያለን ልጅ ሁሉ ጨዋ ማለታችን ነው። ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ልትሆን ትችላለች፤ የፈራችም ልትሆን ትችላለች።

በመደበኛው ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆኑ በሮች አሉ። በ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አምስት ደቂቃ፣ የግብረ ገብ ትምህርት፣ የሚኒ ሚዲያና የሥርዓተ ፆታ ክበባት፣ የወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ። በክበብ የሚቀርብ ጭውውት በተለይ ኃይለኛ ነው፤ ተሳዳቢውን የሚጫወተው ልጅ በማግስቱ የተሰዳቢውን ቦታ ሲይዝ በቃል የማይነገር ነገር ይገባዋል። ለጠብም ሽምግልና አለን፦ ሁለቱም ሳይቋረጡ ይናገራሉ፣ ጥፋተኛው ይክሳል፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይባላል። ይህን ሥርዓት ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ማስረከብ ይቻላል።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ጉዳዩን ከምርጫ አውጥተውታል። በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። በ2013 ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሶ ሰው አፈናቀለ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሰሌዳ እያየ አይሰማም። ሰነፍ አይደለም፤ አካሉ አሁንም አደጋ እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው በየቀኑ የማይለዋወጥ ሥርዓት፣ ስሙን የሚጠራ መምህርና የማይመታበት ክፍል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አለንጋ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ስለ ስሜት ማስተማር ግን ልጁን ማታለል ነው።

መምህር ሐኪም አይደለም፤ ወሰኑን ማወቅ አለበት። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት የተወ ወይም ስለ ሞት ደጋግሞ የሚናገር ልጅ ወደ ባለሙያ መላክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ነው። ብዙ ወላጆች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጸበል ነው። መምህሩ ይህን ሳያጣጥል፣ ጸበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ በአክብሮት ቢነግራቸው፣ እናትየው ልጇን ይዛ የሆስፒታሉን በር የማለፏ ዕድል ይሰፋል።